የቀኛዝማች ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሲሆን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከአንኮበር

ጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳባራ

ሥራውን ጀመርን። እየሠራን ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ነገሩ እንደመጣ ይመጣል። የድሮ ቤት ኖሯችሁ ምን ላድርገው የምትሉ ካላችሁ፣ የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡበትም።

ቤቱ ከአንኮበር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚያይ ተረተር ላይ ነው። የድንጋይ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ አዳራሽና የእህል ማስቀመጫ፣ ላይኛው ደርብ እልፍኝና ጓዳዎች፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት። ያሠሩት ቅድመ አያቴ ናቸው፤ ቀኛዝማች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገበሬ ማኅበሩ ቤቱን የእህል መጋዘን አደረገው። ከብዙ ዓመት በኋላ ቁልፉ ወደ ቤተሰብ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጠብቀውታል። ጠበቁት እንጂ አልኖሩበትም። ሰው የማያድርበት፣ እሳት የማይነድበት ቤት ደግሞ ቶሎ ያረጃል።

ያሰብነው አራት የእንግዳ ክፍል፣ አንድ የጋራ አዳራሽና አንድ ወጥ ቤት ነው። እንግዳው እውነተኛ የድሮ ቤት ውስጥ ማደሩን ሰውነቱ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ቦሌ ያለ ሆቴል ክፍል ቁርጥ የሆነ ነገር ሠርቶ ሰውን እስከዚህ ድረስ ማድከም ተገቢ አይመስለኝም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። መቀሌ የአብርሃ ቤተ መንግሥት ሆቴል ሆኖ ሠርቷል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የአደሬ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ፤ እዚያ የሚያድር ሰው የቤቱን አቀማመጥ እንዳለ ነው የሚያገኘው። ስፔኖች ፓራዶር የሚሏቸው የመንግሥት ማረፊያዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ነው የተጀመሩት፤ ብዙዎቹ ዛሬ በድሮ ግንቦችና ገዳማት ውስጥ ናቸው። እዚሁ አንኮበርም የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ። እሱ ግን የቀደመው ከፈረሰ በኋላ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። የእኛ ቤት ቆሟል። ትልቁ ዕድላችን ይኸው ነው፤ ትልቁ ኃላፊነታችንም።

መጀመሪያ የሄድነው ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ዘንድ ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠየቅን። ይህን የሚዘልሉ ሰዎች አሉ፤ ባይዘልሉ ይሻላል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም። የእኛ መዝገብ ላይ የለም። ያም ሆኖ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንስተን፣ በሜትር ለክተን፣ ንድፉን አንድ ቅጂ እዚያው አስቀመጥን። ነገ አንድ ነገር ቢናድ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር ወረቀት ይኖራል።

ስንለካ ያወቅነው ነገር የኋላውን ሥራ ሁሉ ወሰነው። የምድር ቤቱ ግንብ ውፍረቱ ከክንድ ይበልጣል። ውጪውና ውስጡ የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ መሐሉ ኮረትና ጭቃ። ማያያዣውም ጭቃ ነው። ጠብታ ሲሚንቶ የለበትም።

ኅዳር፣ ጣራው

ደጋው በልግ አብቃይ ነው፤ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቆይ ብለን ከላይ ጀመርን።

የዛገው ቆርቆሮ ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት ጥቁር ነው። ከምድጃው ሲወጣ የኖረው ጭስ ወራጁንም ማገሩንም በጥላሸት ለብጦታል። ነቀዝና ምስጥ ያልደፈሩት በዚህ ነው። አናጢው እያንዳንዱን ወራጅ በመዶሻ እየነካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ጤነኛው እንጨት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ አለው። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በወስፌ ይወጋዋል። መሐሉ አልገባ አለው። ግንቡ ላይ የተቀመጠው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ወስፌው እስከ እጀታው ሰመጠ። ውኃ ሲገባ የኖረው እዚያ ነበር።

«ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሁሉንም ቀይሩትና ተገላገሉ» ያሉን ዘመዶች ነበሩ። አናጢው እምቢ አለ። የተበላውን ጫፍ ብቻ በሰያፍ ቆረጠ። ከፈረሰ ቤት የተገዛ አሮጌ ጥድ አምጥቶ በዚያው ልክ በሰያፍ ጠረበው። ሁለቱን ገጠማቸው፣ በመሐላቸው ብርሃን እንዳያልፍ እያየ በመሮ አስተካከለ፣ ገጠማቸው፣ ደግሞ አስተካከለ። ሲጨርስ በጎንና በጎን ብረት ገጥሞ በብሎን አሰረው። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው መጋጠሚያው ይታያል፤ አዲሱ ነጣ ይላል። በጥላሸት እንቀባው ወይ ብንለው አልፈለገም። አዲሱ አዲስ መሆኑ ቢታይ ምንም ነውር የለበትም። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ጣራው ሣር ይሁን ቆርቆሮ የሚል ክርክር ነበር። የመንዝ ጓሳ ሣር ለክዳን የሚወዳደረው የለም። ግን የጓሳን አካባቢ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሕግ እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ሀብት ነው፤ በፈለጉት ጊዜ በመኪና የሚጫን አይደለም። ለትልቁ ቤት ቆርቆሮ መለስንበት። በሣር የሚከደነው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው፤ ለሱ ጓሳው ተከፍቶ በሥርዓቱ ሲታጨድ የሚገዛውን እንጠብቃለን።

ቆርቆሮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በዚህ ብርድ ሌሊቱን በረዶ ይሆናል። ከታች የሚወጣው የሰው ትንፋሽና ሙቀት ሲነካው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሥሩ በሳንቃ ኮርኒስ ተዘጋ፤ በሳንቃው ላይ ጭድ የበዛበት ጭቃ በስሱ ተነጠፈ። በጭቃውና በቆርቆሮው መሐል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተተወ። ዙሪያውን አሸንዳ ገባ። አሸንዳ የሌለው የጭቃ ግንብ ዕድሜ የለውም።

ታኅሣሥ፣ ሰሜኑ ግድግዳ

ሰሜኑ ግድግዳ በአንድ ወቅት በሲሚንቶ ተለስኗል። ማን እንዳስለሰነው የሚያስታውስ የለም። ከውጪ ሲታይ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ይመስላል። ግንበኛው አባት በመዶሻ ነካ ነካ አደረጉት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። በመሮ ፈልፍለው ሲያነሱት ሲሚንቶው በሰፊ በሰፊ ወለቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። በበጋ! ዝናብ ካቆመ ቆይቶ! እጄን ከተትኩበት፤ ጭቃው በጣቶቼ መሐል ወጣ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፤ «ይኼ ግንብ የጠጣውን መልሶ መትፋት አለበት። አፉን ዘግተውበት ነው የኖረው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃና ኖራ እርጥበት ያሳልፋሉ። ግንቡ ከመሬትም ከዝናብም የሳበውን ውኃ በፀሐይ ጊዜ በገጹ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ይህን አያሳልፍም። ውኃው ከውስጥ ይታጎራል፣ ጭቃውን ያሟሟል፣ ድንጋዩ መያዣ ያጣል። ሲሚንቶው መልካም ነገር ነው፤ ብሎኬት ቤት ላይ እንኳን ደህና መጣ። የጭቃ ግንብ ላይ ግን ጠላት ነው። የድሮ ቤት የምታድሱ ሰዎች ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ።

ሲሚንቶው በሙሉ ተነሳ። በኮምፕሬሰር ቢሆን ይፈጥን ነበር፤ ንዝረቱ ድንጋዩን ያናጋል ተብሎ በእጅ ተሠራ። ጎብጦ የወጣውን የግንቡን ክፍል በእንጨት ደግፈን ድንጋዩን በቁጥር አወረድነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ በከሰል ቁጥር ተጻፈበት፤ ሲመለስ በነበረበት ቦታ ገባ።

በዚያው ሰሞን ኖራ ማዘጋጀት ጀመርን። ጉድጓድ ተቆፈረ። ጥሬው ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይተፋል፤ ዓይን ላይ ከገባ አደጋ ነው። መነጽርና ጓንት ያላደረገ ሰው እንዳይጠጋ ተባለ። ሲበርድ ውኃ ተኝቶበት፣ ተከድኖ ይቆያል። በቆየ ቁጥር ይሻላል። ግንበኛው አባት አልፎ አልፎ በማንኪያ እያወጡ በጣታቸው ያሹታል፤ እንደ ቅቤ ሲሆን ደረሰ ይላሉ።

ግን ታኅሣሥ ላይ አይለሰንም። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው። ኖራ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ይፈረፈራል። እስከ ጥምቀት ታገስን።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ልስን። አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ፤ ለመጀመሪያው ንብርብር የተከተፈ የፍየል ጠጉር ይገባበታል፣ እንዳይሰነጠቅ። ከመለሰን በፊት ግንቡ ውኃ ይረጫል። ከተለሰነ በኋላም እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበታል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ይህን ሳይጨርስ ይቀራል። ቀን ቀን ጆንያ ማርጠብ የእኔ ሥራ ሆነ።

እልፍኙን ስንፍቅ ያገኘነው ነገር ሁላችንንም አስቆመን። ከነጩ ቀለም ሥር ጋዜጣ። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ አዲስ ዘመን፣ ንብርብር በንብርብር። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ ልጣፉ ከጣልያን መውጣት ወዲህ ነው ማለት ነው። ከሱ ሥር ደግሞ አቡጀዲ ተወጥሯል። ከአቡጀዲው ሥር የጭቃው ምርጊት፣ የሴት እጅ ጣቶች መስመር እንደታተመበት። አንዲት ሴት ክንዷ እስከሚደርስ በግማሽ ክብ እየወዘወዘች መርጋዋለች። ከፍ ብሎ መስመሩ ይጠብባል፤ እዚያ የደረሰችው በጣቷ ጫፍ ተንጠራርታ መሆን አለበት።

ከአልጋው ራስጌ በኩል የበር ስፋት ያህል ቦታ ሳይለሰን ቀረ። ሦስቱም ንብርብር ይታያል። ሌላው በኖራ ተለሰነ።

ከታች መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ የኩንታል ቆጠራ፤ አራት ቁም መስመር፣ አምስተኛው አግድም። ግድግዳውን ሞልቶታል። አክስቴ ጠፍቶ ማየት ፈለጉ። «ያን ዘመን ምን ብለሽ ታቆይዋለሽ? አባቴ ያለቀሰበት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋሼ ደግሞ ይቆይ አሉ፤ ቤቱ ያሳለፈውን ቤቱ ይናገር ብለው። ብዙ ተነጋገርንበት። በመጨረሻ አክስቴ ራሳቸው፣ ቤቱን ማን እንዳሠራው አጠገቡ ከተጻፈ ይቆይ አሉ። ሁለቱም ይኖራሉ።

የካቲት፣ ውኃና ሽንት ቤት

እዚህ ላይ ምቾት ያስፈልጋል፤ ድርድር የለውም። ለሽንት ሌሊት በውርጭ ወደ ጓሮ የሚወጣ እንግዳ ሁለተኛ አይመጣም። ግን ቱቦ ለማሳለፍ ያን ግንብ መብሳት፣ በላይኛው ደርብ የጭቃ ወለል ላይ ውኃ ማንዶልዶል፣ ቤቱን ከውስጥ መግደል ነው። ስለዚህ መታጠቢያዎቹ ከቤቱ ጀርባ ለብቻቸው በብሎኬት ተሠሩ። ቀድሞ የጓዳ በር በነበረው በኩል በአጭር የተከደነ መተላለፊያ ተገናኙ። አንድም ድንጋይ አልተበሳም። ነገ ሌላ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር፣ መታጠቢያውን አፍርሶ ቤቱን እንደነበረ ማግኘት ይችላል።

ሴፕቲኩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ ከምንጩ ቁልቁል ተቆፈረ፤ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ። ከታች ያሉ ጎረቤቶች ከዚያ ምንጭ ይቀዳሉ። ሮቶው ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ውጪ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተቀብሯል፤ የቀረው በጆንያና በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ውርጭ ይሰነጥቀዋልና።

መጋቢት

በልግ ገባ። ጣራው አላፈሰሰም። አሸንዳው በአንድ ማዕዘን ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ተስተካከለ። ሌላ ሥራ የለም ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ ወዲህ

የወለሉ ምርጊት በደቦ ሆነ። የሰፈሩ እናቶች ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው፣ ላዩን በእበት አለሰለሱት። ዳቦና ጠላ ቀረበ፤ የቀን ዋጋቸውም ተከፈለ። ደቦ ነው ብሎ ለሚነገድበት ቤት በነፃ ማሠራት ደስ አይልም። ወለሉ ሲደርቅ እበት አይሸትም፤ ይህን የምጽፈው ሁሉም ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው።

በሮቹ የድሮዎቹ ናቸው። መቃኑ ዝቅተኛ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት አለበት። መቃኑን ከፍ ለማድረግ ከላዩ ያለውን ድንጋይ መንካት ስለሚጠይቅ ተተወ። በምትኩ ከበሩ በላይ መብራት ገባ።

አልጋ ላይ የምንነጥፈውን ስናስብ ሩቅ አልሄድንም። የመንዝ በግ ጠጉር በአገሩ አለ። ከጠጉሩ የሚሠሩትን ባናንና ዝተትን ከመንዝ አሠራን። ጋቢ ከቆላው ሸማኔዎች መጣ። ባናው ይከብዳል፣ መጀመሪያ ገላ ይኮሰኩሳል፤ ከሥሩ ጋቢ ሲደረግ ግን የዚህን አገር ብርድ የሚችለው እሱ ነው።

ግንቦት፣ እኛው እንግዳ ሆነን

ለሰው ከመክፈታችን በፊት ቤተሰቡ በሙሉ እንደ እንግዳ አደረ። እያንዳንዱ ሰው በየክፍሉ ወረቀትና እርሳስ ተሰጠው፤ የሚያስቸግረውን እዚያው ይጻፍ ተባለ። የድሮ ቤት ማረፊያ ለማድረግ የምታስቡ፣ ይህን ሳታደርጉ አትክፈቱ።

የተጻፈው ብዙ ነው። የመብራት ማብሪያው ከአልጋ ርቋል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ከገቡ በኋላ ማጥፊያ የለም። ከበሩ ሥር ነፋስ ይገባል። የደረጃው የመጨረሻ እርከን ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ በቀን አያስታውቅም፣ ሌሊት ጣት ይመታል። እናቴ የጻፉት ግን «ልብስ የሚሰቀልበት የለም፤ ሰው ነጠላውን መሬት ሊጥል ነው?» የሚል ነው። ማንቂያም መስተዋትም አስበን ለነጠላ አለማሰባችን ገርሞኛል።

ማብሪያው ወደ ራስጌ መጣ። በሩ ሥር ጠፍር ተመታ። እርከኑ ከነቁመቱ ቀረ፤ ጠርዙ ነጭ ተቀብቶ ትንሽ የሶላር መብራት ተቀመጠበት። መስቀያው የፍየል ቀንድ ነው፤ ድሮም ግድግዳው ላይ የነበረው እሱ ነው።

ሙቀት ዋና ጉዳይ ሆነ። ወፍራሙ ግንብ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል፤ ወደ ንጋት ግን ያልቃል። አዳራሹ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ ተተከለ፤ እንግዳ የሚያመሸው እዚያ ነው። መኝታ ክፍል ከሰል ማስገባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ይህን በወረቀት ጽፈን በየበሩ ለጥፈናል። በአገራችን በየዓመቱ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ ተኝቶ በዚያው የሚቀር ሰው አለ። መርዛማው ጋዝ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል። ለመኝታ የምንሰጠው የፈላ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው፤ ጋቢ ተጠቅልሎበት እግር ሥር ይገባል።

ሰኔ መግቢያ፣ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች

ካህናት መጥተው ጠበል ረጩ። ከዚያ ከፈትን።

ከአዲስ አበባ ጡረተኛ ባልና ሚስት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ሌሎቹ ወፍ ተመልካቾች ናቸው። በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍ አለች፤ ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ይፈልጋታል። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች በቡድን ሣር ሲግጡ ልጆቹ ከአጠገባቸው ሊለዩ አልቻሉም።

ጋሼ ጎብኚዎቹን ይዘው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ወጡ። ሲመለሱ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለው አወሩላቸው። ይህ አገር እንግዳ ሲቀበል የኖረ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስን የተቀበሉት በዚሁ አካባቢ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1876 ለጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች አንኮበር አጠገብ ያለውን ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጧቸው፤ መሪያቸው አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ጡረተኛዋ እናት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ጠዋት ወደ ልጥ ማረፊያ ካልሄድኩ አሉ። ሄዱም።

ቁርስ በሶ፣ የገብስ ቂንጬና እንቁላል ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም የተልባ ፍትፍትና ቆሎ አለ። ገብሱም እንቁላሉም የሚገዛው ከጎረቤት ነው። የሩቅ አገር ጃም አናቀርብም፤ የጠየቀም የለም።

አስተያየታቸውን ጽፈው ትተዋል። ሞቀን ብለዋል። ውኃው ዘግይቶ ይሞቃል ብለዋል፤ ልክ ናቸው፣ መብራት ሲጠፋ ከጀሪካን ቀድቶ ማሞቅ ግድ ይሆናል። አንዱ ግንባሩን መቃኑ መትቶታል። መቃኑ እንዳለ ይቆያል፤ የጠፍር ትራስ ግን ተመትቶበታል።

ሰሜኑ ክፍል እስካሁን አልተከፈተም። ልስኑ ከላይ ደርቋል፤ ግንበኛው አባት ግን ግንቡ ሲሰበስብ የኖረው ውኃ በአንድ በጋ አይወጣም ይላሉ። ክረምቱን መስኮቱ ተከፍቶ፣ አየር እየገባበት ይቆያል። በጥቅምት ደግመን በመዶሻ እንነካዋለን። እስከዚያ ሦስቱን ክፍል እናከራያለን፤ ክረምቱ ሲወጣ የሰገነቱን ምሰሶዎች እንጀምራለን። ለእነሱ የሚሆን አሮጌ ወይራ ያለው ሰው ካለ ጋሼ ይፈልጋሉ።